ከሄደሩ በላይ መጻፍ የነበረባት ቃል

እናቴ ሁሉን ነገር በመዳፏ ሳትዳስስ ከቤት አትወጣም። የግድግዳውን ሶኬት፣ የካውያውን ሆድ፣ የስፌት መኪናዋን ሞተር። ሞቆ ያገኘችውን ትዘጋለች፤ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ደግሞ «እስቲ አንዴ» ብላ ተመልሳ ትዳስሳለች። ልብስ ሰፊ ናት። በወጣትነቷ የጎረቤቷ ሱቅ በተረሳ ካውያ ዓይኗ እያየ ስለነደደ ነገሩ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። እኔና ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተገትረን «እማዬ፣ በቃ ረፈደ!» እያልን ነው ያደግነው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። ኋላ ላይ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በዚያች መዳፍ ላይ ስለጫነ ነው። እኔ ሰው ሲበደል አይቼ ዝም የማለት ነገር አልፈጠረብኝም፤ እናቴ ስትበደል ደግሞ ጭራሽ።

ወሬ ትወዳለች ቢባል አይበቃም። የስፌት መኪና ከሚጮኸው በላይ እየጮኸች ስታወራ ስለኖረች ድምፅዋ መንገድ ያቋርጣል። ሱቋ ውስጥ ሆና ስትስቅ ቤት ሆነን እንሰማታለን። ለደንበኛ «ሰኞ ይደርሳል!» ስትል ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ «የትኛው ሰኞ?» ብሎ ይመልስላታል። እሷም መልስ አታጣም፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲተራረቡ ይውላሉ።

ያ ድምፅ መጎርነን ሲጀምር ጉንፋን ነው አልን። ጉንፋን አልነበረም። ዶክተሩ ሦስታችንን አስቀምጦ፣ ብዕሩን እያሽከረከረ፣ «እናቴ፣ በሽታው ማንቁርትዎ ላይ ነው ያለው። ማንቁርቱ ከነድምፅዎ ይወጣል። ይድናሉ፤ መናገር ግን አይችሉም» አላት። እሷ ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሜን አየችና «ታዲያ ደንበኞቼን በምን ልዋሻቸው ነው?» አለች። ዶክተሩ ሳይወድ ሳቀ። እኔ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ወንድሜን ጥድፌ ነው የምንለው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ቀኑ ሳይደርስ ተጣድፎ ተወለደ፣ በዚያው ቀጠለ። ሲበላ ይጣደፋል። ሲያገባ ተጣደፈ፣ ሲፋታም እንደዚያው። እኔና እሱ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ ለትንንሽ ማሽኖች ፕሮግራም እንጽፋለን፤ ለሚዛን፣ ለቲኬት ማተሚያ፣ ለውሃ ቆጣሪ። የምንጽፈው ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አርጅቷል ይሉታል፤ ይበሉት። ጥድፌ ይጽፋል፣ እኔ እጨቃጨቃለሁ። አለቃችን የእሱን ሥራ እኔ ሳልጨቃጨቅበት ለደንበኛ አይሰጥም።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ጥድፌ እናቴን «ድምፅሽን አስቀምጥልሻለሁ» አላት። «ቃል በቃል ትቀጂዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ስትነኪ በገዛ ድምፅሽ ይናገርልሻል።» እኔም እጄን ላስገባ ስል አላስጠጋኝ አለ። «እትዬ፣ ይሄን ተይልኝ። ለእናቴ ነው። ይሄን እንኳ ያለ ጭቅጭቅ ልሥራው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሺ ብዬ ተውኩት።

ደግሞ ሠራው! መቼም እጁ አይታማም። መጽሐፍ የሚያክል ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ የሚነካ ስክሪን፣ ከኋላው ድምፅ ማጉያ፣ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ። ውስጡ ባትሪ ስላለው ከሶኬት ቢነቀልም መሥራቱን አያቆምም። እናቴ ከተረፋት የደንብ ልብስ ጨርቅ ማንገቻ ያለው ልባስ ሰፋችለት፤ ሰማያዊ፣ በነጭ ክር የተዘመዘመ።

የምትቀዳው በሱቋ የጓዳ ክፍል ነበር። እዚያ የተሰቀሉት ልብሶች ማሚቶውን ስለሚውጡት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይገባል። አንድ ቃል ትላለች፣ ስክሪኑ ላይ «ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ስትነካው ቃሉን መልሶ ያሰማታል። መጀመሪያ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ማነው?»፣ «ቀስ በሉ» አለች። ከዚያ መቼ ያስቆሟታል! «ሰኞ ይደርሳል»ን በሦስት ዓይነት ቀዳች፤ አንዱን ለቸኮለ፣ አንዱን ለተቆጣ፣ አንዱን ደግሞ ጨርሶ ለማትወደው ደንበኛ። ለጫማ ጠጋኙ የሚሆን ስድብ ቀዳች። ሳቋን ቀዳች። የእኔን ልጅ የምታስተኛበትን ዜማ፣ ጉሮሮዋ እያሳከካት፣ እያቋረጠች ጨረሰችው። አንድ ቀን ደግሞ ጥድፌን አስወጥታ ጠራችኝና ዓይን ዓይኔን እያየች «አንቺ ክፉ፣ ነይ እስቲ ሳሚኝ» አለች፤ ለሳጥኑ። «ይቺ ያንቺ ናት። ስትቆጪ እጫናታለሁ» አለችኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀረጻው ከተጋመሰ በኋላ ሳጥኑን ዳስሳ «ይሄ ነገር ይሞቃል፤ ልዘጋው እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ አጠገባቸው ነበርኩ። ጥድፌም «እንዳሻሽ እማዬ። ተቀምጧል ካለሽ ተቀምጧል» አላት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ራሱ ግን አሁንም አሁንም ስለሚያሻሽለው ሳጥኑን ለአፍታም ዘግቶት አያውቅም፤ ሲያድርም ከቻርጀሩ ጋር ነው የሚያድረው።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ታክሲ ደጅ ቆሟል። እናቴ እንደ ወትሮዋ ዞረች፤ ሶኬቱን፣ ካውያውን፣ ሞተሩን። አልጋዋ ላይ የተቀመጠውን ሳጥን ዳሰሰችው፤ ሞቋል። ማብሪያውን ወደ ታች ገፋችና «በከንቱ ለምን ይቃጠላል» ብላ ጥድፌ አንገት ላይ አንጠለጠለችው። እሱም ስልክ እያናገረ ነበር፤ ልብ አላለም። እኔ «እማዬ፣ ታክሲው!» እያልኩ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ እኔ ለምዝገባ መስኮቱ ጋ ተሰለፍኩ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ከጸሐፊዋ ጋር ተጨቃጨቅኩ፤ ስመለስ እናቴን አስገብተዋታል። ጥድፌ አግዳሚው ላይ ሳጥኑን ታቅፎ፣ ሻርቧን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባዶ ነው እትዬ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። ለሲስተሯ ላሳያት ብዬ ከፈትኩት። አንድም ቃል የለም።»

አጠገቡ ዘጭ አልኩ። የሆነውን በተቆራረጠ ትንፋሽ ነገረኝ። ባዶ መሆኑን ሲያይ ደንግጦ «ማብሪያውን ማን ነካው?» ብሎ ጮኸ። እናቴ፣ የሆስፒታሉን ጋውን እንደለበሰች፣ «እኔ ነኝ፤ ሞቆብኝ» አለችው። ያን ጊዜ እዚያው ተንበርክኮ መቅጃውን ከፈተና ሳጥኑን አፏ ሥር ደቅኖ «ተናገሪ እማዬ፣ የመጣልሽን ተናገሪ!» አላት። ሲስተሯ ጥቂት ደቂቃ ሰጥታቸው ነበር።

«ምን አለች ታዲያ?»

ፊቱን አዞረ። «የሚረባ ነገር አላለችም» አለ፤ ከዚያም ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ባትዘጋው ኖሮ…» አለ።

እዚህ ላይ አክስታችን ደረሰች። ጥድፌ ለእሷም ነገራት። እጇን አፏ ላይ ጭና «ወይኔ እህቴን! ያ መዳሰስ ጉድ ሠራት አይደል? ስንቴ ተይ ብያታለሁ!» አለች። መተላለፊያው ላይ የተቀመጡት የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ እናት፣ በገዛ እጇ» ሲባል ሰማሁ። «ዝጊው ብለሃት የለም እንዴ! ተቀምጧል ካለሽ ተቀምጧል ያልከው አንተ አይደለህም?» አልኩት። «አላውቅም እትዬ፣ አላውቅም» አለና አንገቱን ሻርቡ ላይ ደፋ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነው ተብለናል። እዚያ ቁጭ ብዬ ከንፈር ሲመጠጥልኝ ልውል አልቻልኩም። ወርክሾፓችን ከሆስፒታሉ ብዙም አይርቅም፤ ተነስቼ ሄድኩ። የጥድፌን ኮድ ከፍቼ ከላይ ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ነገሩ ከባድ አይደለም። ፕሮግራም በራሱ ሥልጣን ካርድ ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ቢዘጋም በማይረሳው ማስቀመጫ ላይ፣ መጻፍ አይችልም። የማሽኑን ሲስተም «እባክህ ጻፍልኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። የእነዚህ ጥሪዎች ስም ተጽፎ የሚገኘው ሄደር ፋይል የሚባል ቦታ ነው፤ ፕሮግራሙ ገና ከመጀመሪያው ሄደሩን ጠርቶ ያነበዋል። አንዳንዶቹን ጥሪዎች ግን ሄደሩ ይደብቃቸዋል፤ በሁሉም ማሽን ላይ ስለማይገኙ ነው። እንዲያሳይህ ከፈለግህ አንዲት የፈቃድ ቃል ትጽፋለህ፤ ማክሮ እንላታለን። ቃሏ ከሄደሩ በላይ መጻፍ አለባት። ከሄደሩ በታች ከጻፍካት ሄደሩ ተነቦ አልቋል፤ ተመልሶ የሚያይህ የለም። ስህተት ነው ብሎ የሚቆጣህም የለም። ዝም ነው።

ጥድፌ ደግሞ ከሚዛኑ ሥራ ያመጣው የራሱ ሄደር ነበረው። እዚያ ውስጥ «በሚሞሪ ያለውን ካርዱ ላይ አሳርፍ የሚለው ጥሪ ካለ ጥራው፤ ከሌለ ቦታው ላይ ዜሮ አድርግ» ይላል። ዜሮ በእኛ ሙያ ባዶ ማለት አይደለም፤ «ያለ እንከን ተፈጽሟል» ማለት ነው። ለሚዛኑ ይህ ልክ ነበር፤ ሚዛን ካርድ የለውም፣ የሚያሳርፈው ነገርም የለም።

ሳጥኑ ግን ካርድ አለው። ካርድ ብዙ ሲጻፍበት ያልቃልና፣ ጥድፌ ለእናቱ ዕድሜ ልክ እንዲቆይላት አስቦ ሲስተሙን «እኔ ካላዘዝኩህ በራስህ ካርዱ ላይ እንዳትጽፍ፤ ሁሉን በሚሞሪ ያዝ» ብሎታል። ሚሞሪ ደግሞ መብራት እስካለ ድረስ ነው የሚይዘው። የቀረችው መንገድ ያቺ ጥሪ ብቻ ናት።

የፈቃዷን ቃል ፈለግኳት። አለች። አንድ ፊደል አልጎደላትም። የተጻፈችው ግን ከሄደሩ በታች ነው።

በዚያች ምክንያት ጥሪዋ አልታየችም፤ አልታየችምና በቦታዋ ዜሮ ገባ። እናቴ በተናገረች ቁጥር ዜሮው «ተፈጽሟል» ይላል፣ ስክሪኑ «ተቀምጧል» ይላል፣ የተቀመጠ ነገር ግን አልነበረም። ስትነካው መልሶ የሚያሰማት ከሚሞሪ ስለሆነ ማን ይጠርጥር? ሳቋ፣ ሰኞዎቿ፣ የልጄ ዜማ፣ «አንቺ ክፉ» ያለችኝ፣ ሁሉም ተንጠልጥለው ነበር የከረሙት። ዛሬ ጠዋት ባትዘጋው ነገ ባትሪው ሲያልቅ ይጠፉ ነበር።

«ወይ ጥድፌ!» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ተነስቼ ቆምኩ፤ የምለውን ሁሉ በአፌ አዘጋጀሁ። አንተ ብሎ ፕሮግራመር፣ አንተ ብሎ ልጅ፤ የእናትህን ድምፅ በላህ፣ ደግሞ በእሷ አሳበብህ!

በመካከሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ የቀዳውስ? እሱም ገና ካርዱ ላይ አላረፈም። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«እትዬ» አለ ጥድፌ በተሰባበረ ድምፅ፣ «ዶክተሮቹ ገና ናቸው። አልወጡም። ባትሪው ደግሞ ቀይ ሆነ፣ ቻርጀሩን ቤት ረስቼዋለሁ። እንዳያልቅብን ልዝጋውና…»

«እንዳትነካው!»

«ምነው?»

«ጥድፌ፣ በሞትኩት፣ እጅህን ከማብሪያው ላይ አንሳ! ስክሪኑን አደብዝዘው፣ አግዳሚው ላይ አስቀምጠውና ራቅ በል። መጣሁ።»

ቻርጀር፣ ኬብልና ላፕቶፕ አፈስ አድርጌ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል ሮጥኩ። መንገድ ላይ ከአንድ ጋሪ ጋር ተጋጨሁ፤ ባለ ጋሪው ሰደበኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ እመልስለት ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ «የጥየቃ ሰዓት አይደለም» አለኝ። «የእናቴ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው፣ ዞር በልልኝ!» አልኩት። ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ዞር አለልኝ።

ሳጥኑ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጥድፌና አክስቴ እባብ ያዩ ይመስል ከወዲያ ቆመዋል። የባትሪዋ ምልክት ቀይ ክር ብቻ ቀርቷታል። ቻርጀሩን ሰካሁ፤ መብራቷ በራ። ኬብሉን ከላፕቶፑ አገናኘሁና ያንን የማሳረፊያ ትእዛዝ በእጄ ጻፍኩት፤ አንዲት አጭር ቃል ናት። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩት። ከዚያ ደግሞ ሳጥኑን ዘጋሁት። አክስቴ «ኡኡ!» አለች። መልሼ ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ አንድ ግራጫ ምልክት ብቅ አለ። ስም የለውም፤ ግን አለ። ደግሜ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። አሁንም አለ።

ጥድፌ ጣቶቼን ሲያይ ነበር። የሙያ ሰው ነው፤ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

«ለምን በእጅሽ ጻፍሽው?» አለ ቀስ ብሎ። «ጥሪዋ አለች አይደል…» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ሄደሩ ነው?»

«ሄደሩ ነው።»

«ቃሏን አልጻፍኳትም?»

«ጽፈሃታል። ከታች።»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ወንድሜ እኮ ግድግዳውን ይዞ ወደ ወለሉ ቁልቁል ሲንሸራተት ዓይኔ እያየ ነው። «ጮህኩባት» አለ። «እትዬ፣ ማን ነካው ብዬ ጮህኩባት። እነዚያን ደቂቃዎች…» ብሎ በመዳፉ ግራጫዋን ምልክት አመለከተኝ። ነካኋት።

የእናቴ ድምፅ መተላለፊያውን ሞላው። ጎርነን ብሏል፣ ግን እሷው ናት።

«…የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፤ ይሄ እጄ ነው። አንተ ምን በወጣህ! ተው አታልቅስ፣ ሰው ያያል። ጥሩ አድርገህ ሠርተህልኝ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ጥድፌ፣ እስቲ እየኝ። በዚህ ነገር ራስህን እንዳትበላ። ሰማኸኝ? እህትህም እንዳትቆጣህ፤ እማዬ ናት የዘጋችው በላት…» እዚህ ላይ የሲስተሯ ድምፅ ይገባል፤ «እናቴ፣ እንሂድ።» «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች እናቴ። «ሻርቤን ያዝልኝ።»

ይኸው ነው። «ውሃ» የለም፤ «አመመኝ» የለም። የቀራትን ድምፅ በሙሉ የጨረሰችው ያላጠፋችውን ጥፋት በራሷ ላይ ለመጫን ነው። አክስቴ ፊቷን በነጠላ ሸማ እንደሚሸፍኑት በኮቷ እጅጌ ሸፈነች። እኔ ጥድፌ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እህትህም እንዳትቆጣህ። እዚያ ሆና እንኳ እኔን ታውቀኛለች።

እናቴ ዳነች። ዶክተሩ ሁሉም ተነቅሎ ወጥቷል አለን፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ግን ስትነቃ እኔን አይታ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ረስታው ነው። እጇን አንገቷ ላይ ወዳለው ፋሻ ሰደደችና አስታወሰች። ያን ፊቷን እግዜር ለማንም አያሳይ።

እኔ የፈቃዷን ቃል ከታች አንስቼ ወደ ላይ አወጣኋት። አንድ መስመር ናት፤ ለማንሳት ትንፋሽ አትፈጅም። ዜሮውንም ከቦታው አስወጥቼ፣ ካርዱ ላይ ካላረፈ «አልተቀመጠም» ብሎ እንዲጮህ አደረግኩት። ከዚያ የሚያስፈልጓትን ቃላት በእኔ ድምፅ ቀዳሁላት። «ውሃ» የምልላት እኔ ነኝ፤ «አመመኝ» የምልላት እኔ ነኝ። «ሰኞ ይደርሳል»ን በእኔ ድምፅ ስትሰማው ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ከንፈሯን አጣመመች፤ በዚህ ድምፅ ማን ይታለላል ማለቷ ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእሷ ሳቅ ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው የሚታየው።

ጥድፌ በየቀኑ ይመጣል፣ አልጋው ግርጌ ይቆማል፣ ፍራፍሬ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ዓይኗን አያይም። ለዘመድ ለጎረቤት ሁሉ ግን ደውሎ «እናቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ብሏል፤ ለአክስቴም፣ ለጫማ ጠጋኙም። የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቆረጠ። ወንበሩን ወደ ትራሷ አስጠጋና «እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አላት። አየችው። «አንቺ አይደለሽም። ብትዘጊውም ባትዘጊውም ይጠፋ ነበር። አንዲት ቃል አለች፣ ከላይ መጻፍ የነበረባት፤ እኔ ተጣድፌ ከታች ጻፍኳት። እኔ ነኝ እማዬ። ድምፅሽን የበላሁት…»

እናቴ ሄደር ምን እንደሆነ አታውቅም። የልጇን ፊት ግን ታውቃለች። እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። የእኔን ቃላት አልፋ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ስም የሌላትን ግራጫ ነካች።

«…የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፤ ይሄ እጄ ነው። አንተ ምን በወጣህ!…»

«አይደለም እማዬ፣ ስሚኝ…»

ደግማ ነካችው። «…የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩህ እኮ…»

«እማዬ፣ በናትሽ! እትዬ እንኳ ታውቃለች፤ ንገሪያት እትዬ!»

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቆጣ ብሏል፤ ድሮ በእንግዳ ፊት ልንናገር ስንል የምታየን አስተያየት ነው። እውነቱን ልናገር ከወርክሾፕ ጀምሮ ስሮጥ የነበርኩ ሰው፣ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ነካችው፤ በዚህኛው እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። አታልቅስ፣ ሰው ያያል። ይበቃኛል። ራስህን እንዳትበላ። እህትህም እንዳትቆጣህ። ጥድፌ ተሸነፈ። ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ ሰማ፤ እሷም በዚያች መዳፏ ማጅራቱን ዳሰሰችው፤ ሞቆ እንደሁ የምታይ ይመስል።

ሳጥኑ ውስጥ ሲስተሯ «እናቴ፣ እንሂድ» አለች። እናቴ «መጣሁ፣ መጣሁ። ሻርቤን ያዝልኝ» አለች።

ሻርቡ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነበር። ጥድፌ ቀና ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ያዘው።